የከስክሱ ጩቤ

ከስታዲየም ጀርባ፣ ከሙደሲር ሸራ፣
ከጥፍር መቁረጫ፣ ከመነጽር ተራ፣
ተጋድሞ አየሁት፤ አንድ ስንዝር ጩቤ፤
ቆሜ ዋጋ ጠየቅሁ፣ ኪሴን አስቤ።
«አራት መቶ» አለኝ። ሁለት መቶ አልኩት።
«የጀርመን ነው እኮ!» የጀርመኑን ፊደል በጥፍሬ ፋቅሁት፤
ለቀቀ።
መቶ ሰማንያ ላይ ተስማማን።

ከነአፎቱ ገዛሁ፣ ከነጥቁር ላስቲኩ፣
ከነማንጠልጠያው፣ ከነቆርቆሮ መልኩ።

ሕንጻው ስድስት ፎቅ ነው፣ አምባሳደር ግድም፤
ከመሸ በኋላ ከኔ ሌላ የለም።
ዱላ ሰጥተውኛል፣ ፊሽካና ባትሪ፤
ዱላው ለውሻ ነው፤ ፊሽካው ለማን ጠሪ?
ስለዚህ ከግራው ከስክሴ ከተትኩት፣
ካልሲዬን አስጠግቼ፤ ለሚስቴም ቢሆን አልተነፈስኩት።

ባንክ ስገባ ፈታሹ ብብቴን ዳሰሰ፤
ወገቤን፣ ኪሴን፣ እስከ ጉልበቴ ደረሰ፤
ከዚያ ቀና አለ።
በዚህ ከተማ ከጉልበት በታች ፍተሻ የለም፤
ከጉልበት በታች ያለውን፣ ከሊስትሮ በቀር፣ የሚያውቀው የለም።
ማቲዎስ ሊስትሮው ብሩሹን አቆመ፤
አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ ቀለም ቀባኝ፤
ሒሳብ ሲቀበል «ጋሼ» አለኝ፣
እስከ ትናንት በስሜ ሲጠራኝ።

እንግዲህ ልመዝነው፤ ሦስት ወር አብሮኝ አድሯል።
ካርቶን ይቀዳል። ብርቱካን ይልጣል፣
ግን ከልጣጩ ጋር ሥጋውን ያወርዳል።
ዳቦ ያደቅቃል እንጂ አይቆርጥም።
የመብራት ሽቦ ላይ ብሞክረው፣ እንደ ሕጻን ጥርስ አወጣ፤
ሐምሌ አፎቱ ውኃ ቋጥሮ፣ ዝገት እንደ ማድያት ፊቱ ላይ ወጣ።
እጀታው በላብ ያሟልጫል።
የወጋው ሰው ቢኖር አንድ እኔን ነው፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፤
ስንቅነሽ የጫማ መላጥ መስሏት ቫዝሊን ቀባችው፣
እኔም ዝም አልኩ፣ እሷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ሳይ።

ጋሽ ወልደሰንበት ዘንድ ወሰድኩት፣ ከፖስታ ቤት ኋላ፣
ብስክሌቱን አቁሞ፣ በእግሩ ድንጋይ እየነዳ ከሚሞርደው ቢላ።
በጥፍሩ መታ አደረገው፤ ጆሮው ሥር አስጠጋው።
«ይሄ» አለ «ብረት አይደለም፤ የብረት ወሬ ነው።
ወሬም ይሞረዳል፤ ግን አያድርም።»
ሃያ ብር ተቀበለኝ። እንዳለውም አላደረም።

አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ሦስት ጎረምሳ ከብሔራዊ በኩል በሩጫ መጥቶ፣
ቀጥ ብሎ ወደ እኔ።

ጎንበስ አልኩ።
የሱሪዬ ጠርዝ ያዘው፤ የከስክሱ ክር ያዘው፤
አፎቱም ጨምድዶ ያዘው፤
እጄ ብቻ ነበረች መያዝ ያቃታት፣
የኔ አልመስል ያለች፣ ብርድ የመታት።

«ጋሼ፣ ጫማህን እሰር፤ ቀስ በል» አለ አንዱ፣
እጁ ጉልበቱ ላይ፣ እየተነፋ ሆዱ፤
«ገመድ የሚቆርጥ ነገር አታጣም?
ፍራሽ ጭነን ነበር፤ ገመዱ ጎማው ላይ ተጠምጥሞ መኪናው ንቅንቅ አይልም፤
የሙሽራ ነው፣ ሠርጉ ነገ ነው፣
ሳይነጋ ካልገባ እናትየው አትተኛም።»

ያኔ ወጣ። ለገመድ ስጠራው ሳይግደረደር ወጣ።
ናይለኑን ክር በክር ሲበላ ሩብ ሰዓት ፈጀ፣ ላቤ እስኪመጣ።
ጫፉ ተጣመመ። አልተሰበረም፤ አንገቱን ደፋ፣
እንደ ሰው፣ የሚለው ሲጠፋ።

ልጁ በሁለት እጁ መለሰልኝ። «ተባረክ» አለኝ።
ከየት እንዳወጣሁት፣
ለምን ቀድሜ እንዳጎነበስኩ፣ አልጠየቀኝ።

ዋጋው እንግዲህ? መቶ ሃያ፣ ከነአፎቱ፤ ከዚያ አያልፍም።
ሙደሲር ሲያገኘኝ «እንዴት ነው?» ይለኛል።
«ይቆርጣል» እለዋለሁ፤ ሌላውን አልነግረውም።

አልጣልኩትም። ዛሬም ከስክሴ ውስጥ ነው።
ማሰሪያውን ግን ከላዩ ድርብ አድርጌ ቋጥሬዋለሁ፣
እኔው ራሴ ለመፍታት የምታገለው ቋጠሮ፤
ሮጦ የመጣ ሰው
ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
የመጣበትን እስኪናገር የሚያቆየኝ።